ምርቃት የማያውቅ ሚዛን፦ ዲጂታል ሚዛኔ ከስምንት ወር በኋላ

ዋጋውን በብር ብነግራችሁ እስክታነቡት ይለወጣል። ስለዚህ በበርበሬ ልንገራችሁ፤ ይህን ዲጂታል ሚዛን ስገዛ የከፈልሁት ከሁለት ኪሎ ያልተቀነጠሰ ዛላ በርበሬ ዋጋ ትንሽ ያነሰ ነበር። የገዛሁት መርካቶ፣ የወጥ ቤት ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ነው። ጠፍጣፋ ነው፤ ፊቱ መስታወት፣ ሆዱ ፕላስቲክ። እስከ አምስት ኪሎ ይመዝናል፤ የሚቆጥረው በአንድ አንድ ግራም ነው፤ የሚሠራውም በሁለት ትንንሽ ባትሪ ነው። የአምራቹን ስም አልጽፍም፤ ቅር ያሰኙኝን ነገሮች ስለምዘረዝር ብቻ ሳይሆን፣ ያው ዕቃ በየሱቁ በሌላ በሌላ ስም ተለጥፎበት ስላየሁም ጭምር ነው።

ማን እንደሆንሁ ማወቅ ካስፈለገ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በሆስፒታል ፋርማሲ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። አሁን ሾላ ገበያ አካባቢ ትንሽ የባልትና ሱቅ አለችኝ። በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ቅመማ ቅመም እና የተቆላ ቡና እሸጣለሁ። በፋርማሲው ስንናገር የነበረው ስለ መድኃኒት መጠን ነበር፤ በባልትናው የምንናገረው ስለ ምጥን ነው። ሁለቱም ቃል ከአንድ ግንድ የበቀለ ነው፤ የሚሊግራም ስህተት ሰው የሚጎዳበትን ቤት ለቅቄ የእፍኝ ስህተት ወጥ የሚያበላሽበት ቤት ገባሁ እንጂ ሥራዬን አልለወጥሁም።

ሚዛኑ ቤት በገባ ቀን ያደረግሁት ነገር ልጆቼን አሥቋቸዋል። ሽሮ ከመመዘኔ በፊት ሚዛኑን ራሱን መዘንሁት። ከእናቴ የተረከብሁት ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን አለኝ፤ ከነብረቶቹ። የአንድ ኪሎውን ብረት ከዓመታት በፊት የቀድሞ ባልደረባዬ የላቦራቶሪ ሚዛን ላይ አስመዝኜው 1,000 ግራም ከሁለት አሥረኛ ብሎ ነበር፤ ለሽሮ ከበቂ በላይ ነው። ብረቱን መስታወቱ መካከል ላይ አስቀመጥሁት፤ 998 አለ። አንሥቼ ደግሜ አስቀመጥሁት፤ 998። ወደ ማዕዘኑ ገፋ ሳደርገው 994 አለ። ይህ የመጀመሪያው ነቀፌታዬ ነው፤ ዕቃ ከጥግ ቢቀመጥም ከመካከል ቢቀመጥም ክብደቱ አንድ ነውና ሚዛኑም አንድ ነገር ሊናገር ይገባዋል። ቀጥሎ በ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አምስት ጊዜ ውኃ ስቤ ብርጭቆ ውስጥ ጨመርሁ። አንዴ 100፣ አንዴ 99 አለ። ሲሪንጅ ከፋርማሲ ይገኛል፤ ሚዛን የሚገዛ ሁሉ ይህን ፈተና ቤቱ ሊያደርገው ይችላል።

ሁለቷ ግራም የት ሄደች? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጉዳዩ ከሚዛኑ ይልቅ ከአዲስ አበባ ጋር የተያያዘ ነውና። የእናቴ ሚዛን ብረትን ከሽሮ ጋር ያወዳድራል። ምድር ሁለቱንም እኩል ስለምትስብ ጅቡቲ ወደብ ላይም፣ እንጦጦ ጫፍ ላይም መልሱ አይለወጥም። ዲጂታሉ ግን የሚያወዳድረው ነገር የለውም። በሆዱ ያለው ትንሽ ብረት ዕቃ ሲጫንበት በዓይን በማይታይ መጠን ይጎብጣል፤ መጉበጡ በላዩ የተለጠፈውን ስስ ሽቦ የኤሌክትሪክ ባሕርይ ይለውጣል፤ ሚዛኑም ያንን ወደ ግራም ተርጉሞ ያሳየናል። ማለትም የሚለካው ምድር ዕቃውን ምን ያህል እንደምትስበው ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ለምድር ወገብ ቅርብ፣ ከባሕር ወለልም ወደ 2,350 ሜትር ከፍ ያለች ስለሆነች እዚህ ስበቱ ትንሽ ይላላል። ዝቅ ካለ አገር የተቃኘ ሚዛን እዚህ ሲመጣ ከኪሎው ላይ አንድ፣ ሁለት፣ አንዳንዴም ሦስት ግራም ቢጎድልበት አይገርምም። በትምህርት ቤት መጠነ ቁስ እና ክብደት የተለያዩ ናቸው ሲባል የሰለቸን ሁሉ፣ ልዩነቱ እነሆ ሾላ ገበያ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦልናል። አንዱን ቁልፍ ረዘም አድርጎ በመጫን በታወቀ ክብደት ሚዛኑን መቃኘት ይቻላል፤ በእናቴ ብረት ቃኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ 1,000 ይላል። መመሪያው ወረቀት ይህን የጻፈው በጉንዳን ፊደል ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም።

ኪሎ ራሱ ማን መዘነው ለሚል፣ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የዓለም ኪሎ ፓሪስ አጠገብ በሴቭር የተቆለፈበት አንድ የፕላቲነምና የኢሪዲየም ድብልቅ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1889 ጀምሮ ኪሎ ማለት እሱ ነበር። ከቅጂዎቹ ጋር እየተመዘነ ሲታይ ግን በመቶ ዓመት ውስጥ በ50 ማይክሮግራም ያህል ተለያይተው ተገኙ፤ የአንዲት ደቃቅ የጨው ቅንጣት ነገር ነው። እሱ ቀለለ ወይስ እነሱ ከበዱ ብሎ መፍረድ አልተቻለም፤ ኪሎው ራሱ ነውና ማን ይከሰዋል? እ.ኤ.አ. ግንቦት 20 ቀን 2019 ኪሎ ከዚያ ብረት ተላቅቆ ፕላንክ በሚባለው የማይለወጥ የተፈጥሮ ቁጥር እንዲተረጎም ሆነ። እኔም በ50 ማይክሮግራም ይህን ያህል የሚጨነቅ ሰው በዓለም ላይ መኖሩን ሳውቅ፣ በልጆቼ ሣቅ የነበረኝ ቅሬታ ቀለለኝ።

ወደ ዕቃችን እንመለስ። ይህ ሚዛን ይዋሻል፤ የሚዋሸውም በአንድ ቁልፍ ነው። መለኪያውን የሚቀይረው ቁልፍ ከግራም ቀጥሎ ሚሊ ሊትር የሚል አለው። አንድ ሊትር የምግብ ዘይት በመስፈሪያ ለክቼ፣ የዕቃውን ክብደት ዜሮ አድርጌ ጨመርሁበት። በግራም 916 አለ፤ እውነቱን ነው፤ ዘይት ከውኃ ይቀላል። ወደ ሚሊ ሊትር ስለውጠው እንደገና 916 አለ። ማሩ ደግሞ ባሰ፤ አንድ ሊትር ማር ወደ አንድ ኪሎ ከአራት መቶ ይመዝናልና ሚዛኑ 1,400 ሚሊ ሊትር ነው ብሎ ድርቅ አለ። ለካስ ለእሱ ዓለም ሁሉ ውኃ ነው። በዚያ ቁልፍ ተማምኖ ማር በሊትር የሚሸጥ ሰው ቢኖር ደንበኛው በየሊትሩ ሦስት አሥረኛ ሊትር ገደማ ተበልቷል ማለት ነው፤ ሻጩም ሚዛኑ ነው ያለው ብሎ ይምላል።

አያቴ ይህን ታውቅ ነበር ብዬ አስባለሁ። መንዝ ውስጥ በቁና ስትሰፍር፣ የገብስ ቁና እና የጤፍ ቁና አንድ ዋጋ ሰጥታ አታውቅም። በተከመረ ቁና እና በእጅ በተላገ ቁና መካከል ያለውንም ልዩነት ከነሻጩ ጠባይ ታውቀው ነበር። እኛ ዛሬ ቁናን የምናስታውሰው ሰው ሮጦ ቁና ቁና ሲተነፍስ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ጥሩው ልናገር፤ ይህ ዕቃ ስምንት ወር ያቆየኝ በአንድ ምክንያት ነውና። በሱቄ ለሦስት ዓመት ምጥን ሽሮ ስሠራ ደንበኞቼ ያመሰግናሉ፤ እናቴ ግን ቀምሳ ዝም ትል ነበር። ዝምታዋ ይከብደኛል። ምጥኑን የተማርሁት ከእሷ ነው፤ ለዚህን ያህል አተር ይህን ያህል ጭብጥ ነጭ አዝሙድ፣ ይህን ያህል ኮረሪማ፣ ጨው በመጠኑ እያለች። ሚዛኑ የመጣ ሰሞን ሱቅ አስመጣኋትና ነጭ አዝሙድ አምስት ጊዜ እንድትጨብጥልኝ ለመንኋት። 31፣ 30፣ 32፣ 31፣ 31። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ እጇ ሻይ ሲይዝ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ እኔ ጨበጥሁ። 44፣ 38፣ 47፣ 41፣ 45። ረዳቴ ሣቋን መያዝ አቃታት። እጄ የአባቴ እጅ ነው፤ ሰፊ። ሦስት ዓመት ሙሉ የእናቴን ምጥን በአባቴ እጅ ስሠራ ኖሬአለሁ። አሁን አዝሙዱ 31 ነው፤ እናቴም ባለፈው ስትቀምስ “ይኸው” አለች። ከእሷ ይህን ለማግኘት ሚዛኑን በእጥፍ ዋጋም እገዛው ነበር።

የእናታችሁን ወጥ ማስቀረት የምትፈልጉ፣ በተለይ ባሕር ማዶ ሆናችሁ በስልክ “ጨው በመጠኑ” የሚባልላችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ አገር ቤት ስትመጡ ሚዛን ይዛችሁ እናታችሁን አስጨብጡ። በቁንጥር የሚነገረውን ግን ለዚህ ሚዛን አትስጡት። ከሁለት ግራም በታች ዜሮ ብሎ ዝም ይላል። ከዚያም የባሰ ጉድ አለበት፤ ኮረሪማ ቀስ እያልሁ በቁንጥር በቁንጥር ስጨምርበት ቁጥሩ ካለበት አይነቃነቅም። ዕቃውን አንሥቼ ስመልሰው በአንዴ ሦስት ግራም ዘሎ ይጠብቀኛል። ዝግታውን እንደ መወላወል ቆጥሮ እያረመው ነው ማለት ነው። ቅመም ግን በዝግታ የሚጨመር ነገር ነው። ባለ አንድ አሥረኛ ግራም ትንሽ ሚዛን ለብቻዋ መግዛት ግድ ሆኖብኛል።

ቡና ላይ ደግሞ ሚዛኑ ጠብ ፈጥሮብኝ፣ ራሱ አስታርቆኛል። አንድ ደንበኛዬ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና እንድቆላላቸው ትተውልኝ ሄዱ። ማታ ሲመለሱ በዚያው ሚዛን 832 ግራም አስረከብኋቸው። በድሮው ሚዛን ቢሆን ብረቱን አይቶ የሚከራከር አልነበረም፤ የበራ ቁጥር ግን ሰውን ደፋር ያደርጋል። “ሌላው የት ገባ?” አሉኝ። ቡና ሲቆላ ውኃውን ያጣል፣ ገለባው ይረግፋል፣ ጭሱም ይሄዳል፤ እንደ አቆላሉ ከመቶ 15 እስከ 20 ያህል ይጎድላል። ይህን ብነግራቸው አላመኑኝም። ስለዚህ በማግሥቱ ሁለት መቶ ግራም ጥሬ ቡና እፊታቸው መዝኜ፣ እፊታቸው ቆልቼ፣ እፊታቸው መለስሁት፤ 167። ቡናውን እዚያው ወቅጠን ጠጣነው፤ ክርክሩም እንደዚሁ። ነገር ግን አስቡት፤ አንዱ ቡና ከገበሬው በፈረሱላ፣ ማለት በ17 ኪሎ ሒሳብ ይሸጣል፤ መጋዘን ሲገባ በኩንታል ይቆጠራል፤ እኔ ዘንድ ኪሎ ይሆናል፤ ከጀበና ሲወጣ በስኒ፣ ከዚያም በአቦል፣ በቶናና በበረካ ይለካል። የበረካን ግራም የጠየቀኝ ሰው እስካሁን አልመጣም።

ሚዛን ያለው ሱቅ ሚዛን ያለው ቤት ሆኖ ይቀራል፤ ሰፈርተኛው የሚመዘን ነገር ሁሉ ይዞ ይመጣል። ጎረቤቴ የአንገት ሐብሏን ይዛ መጣች፤ ልትሸጠው ፈልጋ ወርቅ ቤቱ ያታልለኛል ብላ ፈርታ። አልመዝንም አልኋት። ለሽሮ አንዲት ግራም ከምንም አትቆጠርም፤ ለወርቅ ግን አንዲት ግራም የሳምንት አስቤዛ ናት። የወርቅ ልኩ ደግሞ ክብደቱ ብቻ አይደለም። 21 ካራት ማለት ከ24 እጅ 21ዱ ወርቅ ነው፤ ከመቶ ሰማንያ ሰባት ተኩል። ቀሪው ሌላ ብረት ነው። ይኸው ካራት የሚባለው ቃል አልማዝ ላይ ሲደርስ ደግሞ የክብደት ስም ሆኖ 200 ሚሊግራም ማለት ይሆናል። ሁለት ወርቅ ቤት አስመዝኚና አወዳድሪ ብዬ ሸኘኋት።

ሌላዋ ደግሞ ሕፃን ልጅ ታቅፋ መጣች። እውነቴን ነው። ሚዛኑ እስከ አምስት ኪሎ ነው፤ ልጁም ፊቱ ላይ እንደሚታየው አምስት ኪሎን ከተሰናበተ ቆይቷል፤ መስታወቱም ሕፃን አይሸከምም። ጤና ጣቢያ ውሰጂው አልኋት። ለምን መመዘን እንዳስፈለገ ስጠይቃት የታዘዘለት የትኩሳት ሽሮፕ ነገር ነው። ይህ ሲሆን ባልትናዬን ትቼ የድሮዋ የፋርማሲ ሠራተኛ ሆንሁ። የልጅ መድኃኒት በኪሎው ልክ ይታዘዛል፤ ፓራሲታሞል ለምሳሌ በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ሐኪሙ ያንን አስልቶ 5 ሚሊ ሊትር ይላል፤ እናት ቤት ገብታ በሻይ ማንኪያ ትሰጣለች። የሱቄን ሦስት የሻይ ማንኪያዎች እፊቷ በሲሪንጅ ለካናቸው፤ አንዱ ሦስት ተኩል፣ አንዱ አምስት፣ አንዱ ስድስት ተኩል ሚሊ ሊትር ያዘ። ትልቁ ከትንሹ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ሲሪንጁን ያለ መርፌ ሰጥቻት ሄደች። ለሽሮፕ ሚዛን ሳይሆን ሲሪንጅ ነው የሚበጀው፤ ይህን በየትኛውም ግምገማ ውስጥ ቢሆን ሳልጽፍ አላልፍም።

አንድ አደጋም ነበር። መለኪያ ቀያሪው ቁልፍ ከጎን ስለሆነ ሚዛኑን ስናነሣ በአውራ ጣት ይነካል። አንድ ቀን ረዳቴ ሳታውቀው ወደ ፓውንድ ገባባት፤ እስከ ቀትር ድረስ ለኪሎ ጠያቂ ሁሉ 1 እያለ በፓውንድ ሸጠች። ፓውንድ 454 ግራም ገደማ ነው፤ ማለት ከግማሽ ኪሎም ያንሳል። ሦስቱን ደንበኞች ስለምናውቃቸው ቤታቸው ድረስ ሽሮ ይዛ ሄዳ ካሰች። አራተኛዋን አላገኘናትም፤ ካነበበችው ትምጣ። የአውሮፕላን ጥገና የሚሠራው የእህቴ ልጅ ይህን ሲሰማ እ.ኤ.አ. በ1983 ካናዳ ውስጥ የሆነውን ነገረኝ። በኪሎ መሰላት የነበረበት ነዳጅ በፓውንድ ተሰልቶ፣ አንድ ቦይንግ 767 ከነተሳፋሪው ሰማይ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። አብራሪዎቹ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን እያንሳፈፉ ጊምሊ በምትባል ቦታ አሮጌ ሜዳ ላይ አሳረፉት፤ የሞተ ሰው የለም። እኔ ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጠፍሁበት።

ቀሪው ነገር ባጭሩ ነው። ሁለት ደቂቃ ካልተነካ ራሱን ያጠፋል፤ ደንበኛ ስትጫወት ቆይታ “ጨምሪበት” ስትል የተመዘነው ሁሉ ከንቱ ይሆናል። መስታወቱ በርበሬ አይዝም፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ ይህ ለባልትና ትልቅ ነገር ነው። ከምጣድ አጠገብ ሲሞቅ ቁጥሩ ይንሸራተታል። ባትሪው አራት ወር ያህል ያገለግላል።

ዋናው ቅሬታ የእኔ አይደለም፤ የእማማ ነው። ስማቸውን ሁላችን እናውቃለን፤ የምንጠራቸው ግን እማማ እያልን ነው። በየሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ሽሮ ይገዛሉ። በድሮው ሚዛን ሳህኑ ደፋ እስኪል እጨምርላቸውና ከላይ አንዲት ጭልፋ እደግምላቸው ነበር። ዲጂታሉን ባመጣሁ ቀን 500 ላይ ስደርስ አቆምሁ። እማማ ቁጥሩን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከረጢታቸውን ሳይዘረጉ ቆሙ።

“ልክ አምስት መቶ ነው እማማ፤ አንዲት ግራም አልጎደለም” አልኋቸው።

“ታዲያ ልኩ የታል?” አሉኝ።

ጭልፋውን ጨመርሁ፤ 523 አለ። “አሁን ልክ ነው” ብለው ከረጢቱን ዘረጉ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ልክ ማለት ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው ስል ኖሬአለሁ፤ በፋርማሲም ይኸው ነው፤ ምርቃት ተብሎ ለበሽተኛ ሁለት ክኒን አይጨመርም። የባልትናው ልክ ግን ከ500 በላይ ነው የሚጀምረው። ይህን ሚዛኑ አያውቀውም፤ ስለዚህ አስተማርሁት፤ ባዶ ከረጢት አስቀምጬ ዜሮ ካደረግሁት በኋላ 500 አይበቃኝምና፣ ግማሽ ኪሎ ለጠየቀ እስከ 520 እሄዳለሁ፤ ዋጋውም ያንኑ ታሳቢ አድርጎ የተተመነ ነው። አንዲት ወጣት ደንበኛ ትርፉን አይታ “ተሳስተሻል” ብላኛለች፤ ተባረኪ ብያታለሁ።

ግዙት ወይ? ምግብ ቤት ውስጥ ለሚሠራ፣ የእናቱን ሙያ መጻፍ ለሚፈልግ፣ ቡና ለሚቆላ፣ አዎን፤ ከመካከል እያስቀመጣችሁ፣ ሚሊ ሊትሩን እንዳላያችሁ እያለፋችሁ፣ ቁልፉን ለጥፋችሁ። ለወርቅ፣ ለቁንጥር ቅመም፣ ለመድኃኒትና ለሕፃን አይሆንም። ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል እሰጠዋለሁ፤ እናቴን ስለሰጠኝ ግማሿን ምርቃት አድርጌ አራት በሉት።

ባትሪው ከትናንት በስቲያ አልቋል፤ እስክገዛ ድረስ በሁለቱ ሳህን እየመዘንሁ ነው። ዛሬ ጠዋት እማማ መጥተው ነበር፤ መስታወቱ ጠፍቶ ሲያዩት ምን ሆነ ብለው እንኳ አልጠየቁኝም።